አፕዴት እየጫነ መብራት የጠፋበት ሊኑክስ ፎርማት አያስፈልገውም

ሰላም እህቴ። በኋላ የሚያነብ ሰው እንዳይቸገር ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ፔዳ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለሽ። ዴስክቶፑ ላይ ያለው ሊኑክስ ሚንት ነው። አፕዴት እየጫነ እያለ መብራት ጠፋ። መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ ግን አዲስ ሶፍትዌር አልጭንም አለ፣ ፕሪንተሩም ማተም አቆመ። ጥገና ቤት ብትወስጂው «ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም» አሉሽ። እውነት ነው ወይ ነው ጥያቄሽ።

አይደለም። ፎርማት እንዳታደርጊው። እዚሁ ባሕር ዳር የአንድ ማተሚያ ቤትና የጥቂት ሱቆች ኮምፒውተሮች በኔ እጅ ናቸው፣ ሁሉም የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ይሄ ነገር ይገጥመኛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚድነው በአንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ትእዛዙን ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ይነግርሻል።

ፎርማት የማድረግ ነገር ከዊንዶውስ የወረስነው ልማድ ይመስለኛል። ቫይረስ ገባ፣ ፎርማት። ቀርፋፋ ሆነ፣ ፎርማት። ለጥገና ቤቱ ምክንያቱን ከመፈለግ ጠርጎ መጫኑ ይቀለዋል። ጣጣው የሚተርፈው ላንቺ ነው። የደንበኞች ደብዳቤ ይጠፋል፣ የግእዝ ፎንቶችሽን እንደገና ትሰበስቢያለሽ፣ ፕሪንተሩን እንደገና ታስተዋውቂያለሽ፣ ከዚያ ያንን ሁሉ አፕዴት በራስሽ ዳታ ታወርጃለሽ።

ይልቅ ተርሚናሉን፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት ክፈቺ። ኮንትሮል፣ ኦልትና ቲ አንድ ላይ ሲጫኑ ይከፈታል። ሱዶ አፕት አፕግሬድ ብለሽ ጻፊ። እዚህ የማስቀምጠው አነባበቡን ነው፤ አንቺ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በትንንሹ ነው የምትጽፊው። አሁን ባለበት ሁኔታ አይሠራልሽም፣ የስሕተት መልእክት ይሰጥሻል። የምንፈልገውም እሱን ነው። ዲፒኬጂ (ሶፍትዌር የሚጭነው ፕሮግራም) ሥራው ላይ ሳለ ተቋርጧል፣ ችግሩን ለማስተካከል ይሄን ትእዛዝ ራስሽ አስኪጂ ይላል፤ ትእዛዙም እዚያው በጥቅስ ምልክት ውስጥ ተጽፏል። ሲነበብ «ሱዶ ዲፒኬጂ ሁለት ሰረዝ ኮንፊገር፣ አንድ ሰረዝ ኤ» ነው። መጻፉ ካስፈራሽ በማውስ ምረጪውና ኮንትሮል ሺፍት ሲ፣ ከዚያ ኮንትሮል ሺፍት ቪ። ሺፍቱን እንዳትረሺ። ተርሚናል ላይ ኮንትሮል ሲ ብቻውን ኮፒ አያደርግም፣ እየሄደ ያለውን ሥራ ነው የሚያቆመው። በጥገናው መሃል ከተጫንሽው ሁለተኛ የመብራት መጥፋት በገዛ እጅሽ ፈጠርሽ ማለት ነው።

ገና የመጀመሪያውን የሱዶ ትእዛዝ ስታስኪጂ ፓስወርድ ይጠይቅሻል። ስትጽፊ ምንም ላይታይ ይችላል፤ ነጥብም ኮከብም ላይኖር ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ኪቦርዱ የተበላሸ ይመስለዋል። ደህና ነው፣ ጽፈሽ ኢንተር በይ። ደግሞ ያንቺ ሱቅ ቀኑን ሙሉ አማርኛ የሚጻፍበት ስለሆነ ከፓስወርዱ በፊት ኪቦርዱ ወደ እንግሊዝኛ መመለሱን እዪ። ፊደሉ ስለማይታይ በአማርኛ እየጻፍሽ እንደሆነ አታውቂም፤ «ፓስወርዱ ልክ አይደለም» እያለ ያዞርሻል። በዚህ ብቻ ፓስወርዱ ተቀይሮብኛል ብሎ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ የመጣ ደንበኛ አለኝ።

ነገሩ ምን እንደሆነ ካወቅሽ አትደነግጪም። ሊኑክስ ሚንትም ኡቡንቱም ሶፍትዌር የሚጭኑት በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ፋይሎቹን ይፈታል፣ ቀጥሎ ያዋቅራል። ዕቃው ሱቅ ገብቶ መደርደሪያ ላይ ሳይደረደር መብራት ጠፋ በይው። ዲፒኬጂ እያንዳንዱ ፓኬጅ (የሚጫነው የሶፍትዌር ጥቅል) የት ደረጃ ላይ እንደደረሰ መዝገብ ይይዛል። ያ ትእዛዝ የሚለው «መዝገብህን እይና ያልጨረስከውን ጨርስ» ነው። ከዜሮ አይጀምርም፣ ያንቺን ፋይሎችም አይነካም።

እየሠራ እያለ ሊያቆምና ጥያቄ ሊያቀርብልሽ ይችላል። ያለውን የማዋቀሪያ ፋይል ልተካው ወይስ ልተወው ነው የሚለው። እርግጠኛ ካልሆንሽ ኢንተር በይ፤ ያንቺ ባለበት ይቆያል። የፕሪንተሩን ሴቲንግ እዚህ ጋ ነው ሳያውቁት የሚያጠፉት።

ሲያበቃ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሰረዝ ኤፍ» በይ። ይሄ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ የቀረ ፓኬጅ ካለ ያሟላል። እዚህ ላይ ግን አንብቢ! ከመጀመሩ በፊት የሚጨምረውንና የሚያጠፋውን ይዘረዝራል። የሚያጠፋው ዝርዝር ውስጥ ሲናሞን (የሚንት ዴስክቶፕ) ወይም ሊብሬ ኦፊስ ካየሽ ኤን ብለሽ ውጪ፣ ዝርዝሩን እዚህ ለጥፊው። ከሌለ ቀጥዪ። ከዚያ ሱዶ አፕት አፕዴት፣ ቀጥሎ ሱዶ አፕት አፕግሬድ። ካለቀ ሪስታርት።

አንድ ወንድማችን ከላይ «የሎክ ፋይሉን አጥፊው» ብሎሻል። ተዪው። ሎክ ማለት ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ላይ እንዳይጭኑ የሚከለክል ቁልፍ ነው። ቁልፉን የሚይዘው በሥራ ላይ ያለው ፕሮግራም እንጂ ፋይሉ አይደለም፤ ፋይሉ ሁሌም እዚያው አለ። መብራት ሲጠፋ ቁልፉም አብሮ ጠፍቷል። «ሎኩን ማግኘት አልተቻለም» የሚል መልእክት ካየሽ ከጀርባ ሌላ አፕዴት እየሄደ ነው ማለት ነው። የያዘውን ፕሮግራም ስም መልእክቱ ራሱ ይነግርሻል። ቡና አፍልተሽ ጠብቂው። ፋይሉን አጥፍተሽ ሁለቱ አንድ ላይ ከጻፉ ያኔ ነው መዝገቡ በእውነት የሚበላሸው።

ትእዛዙ «ቦታ የለም» ብሎ ቢቆምስ? ዲኤፍ ሰረዝ ኤች በይና መቶ በመቶ የሞላ ካለ እዪ። በፎቶ ኮፒ ቤት ዲስኩን የሚሞላው ስካን ነው፤ የመታወቂያውና የዲግሪው ኮፒ ሁሉ ሳይጠፋ ይከማቻል። የደንበኛ መታወቂያ ዓመት ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ማቆየት በራሱ ጥሩ አይደለም፣ ግን እሱን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። ትራሹን ባዶ አድርጊ። ሱዶ አፕት ክሊን ደግሞ ወርደው የተቀመጡትን የመጫኛ ፋይሎች ይጠርጋል። ጥገናው ካለቀ በኋላ ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ ካልሽው ያረጁትንና የማያስፈልጉትን፣ ብዙ ቦታ የሚይዙትን የድሮ ከርነሎች (የሲስተሙ እምብርት የቀድሞ ቨርዥኖች) ጭምር ያወጣል።

ሌላው እኛ አገር በተለይ የሚያጋጥመው ሰዓት ነው። አፕት «የሪሊዝ ፋይሉ ገና ጊዜው አልደረሰም» ካለሽ ኢንተርኔቱን አትውቀሺ፣ የኮምፒውተሩን ሰዓት እዪ። አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ካለቀች መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል። ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት፣ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አታጪያትም። ሁለተኛው ምክንያት ያስቃል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሱቅ የገባ ልጅ የኮምፒውተሩን ሰዓትም ሦስት ያደርገዋል። ለኮምፒውተሩ ያ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በስድስት ሰዓት ወደኋላ ቀረ ማለት ነው፣ ስለዚህ ዛሬ ጠዋት የወጣውን አፕዴት «የወደፊት» ነው ብሎ አይቀበልም። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ አድርጊና ሰዓቱን ራሱ ከኢንተርኔት እንዲያስተካክል ተዪለት። ዊንዶውስም አብሮ ያለበት ኮምፒውተር ላይ የሦስት ሰዓት ልዩነት ካየሽ ባትሪው አይደለም። ሁለቱ ሲስተሞች የማዘርቦርዱን ሰዓት የሚያነቡበት መንገድ ስለሚለያይ ነው።

ያንቺ ኮምፒውተር ስለሚነሣ ይሄን ቶሎ ልለፈው፤ ለሌሎች ግን ይጠቅማል። ጭራሽ አልነሣም ካለ ሲበራ ሺፍትን ይዞ ማቆየት፣ በአዳዲሶቹ ላይ ኢስኬፕን መታ መታ ማድረግ የግረብን፣ ማለትም ሲስተሙን የሚያስነሣውን ፕሮግራም ሜኑ ያመጣል። እዚያ ውስጥ የቀድሞውን ከርነል ወይም ሪከቨሪ ሞድን መምረጥ ይቻላል። ሪከቨሪ ሞድ ውስጥ «ዲፒኬጂ» የሚል መስመር አለ፤ እላይ ያልኩሽን ጥገና እሱ ይሠራዋል። «ኤፍኤስሲኬ» የሚለው ደግሞ ዲስኩን ይፈትሻል።

ፕሪንተሩ አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ሲስተካከል አብሮ ይነሣል፤ ምክንያቱም ከፕስ የሚባለው የማተሚያ ሶፍትዌር ግማሽ ላይ ስለቀረ ነው ያቆመው። ካልተነሣ የፕሪንተሮችን መስኮት ክፈቺና ፕሪንተሩ «ፖዝድ» ይል እንደሆነ እዪ። እየታተመ እያለ ሲቋረጥ ራሱን የሚያቆምበት ጊዜ አለ። የተጠራቀሙትን ሥራዎች ሰርዢና ኢኔብል አድርጊው።

አሁን ወደፊት እንዳይደገም። ጣና በለስ ከዚሁ ሐይቃችን ውሃ እየወሰደ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ነው የተሠራው፣ እኛ ዳር ላይ ተቀምጠን ሻማ እንፈልጋለን። ምን ይደረጋል። መብራቱን ማዘዝ አንችልም፣ አፕዴቱን ግን እንችላለን። አደጋው ያለው መጫኑ ላይ ነው እንጂ ማውረዱ ላይ አይደለም። ሲያወርድ ቢቋረጥ በኋላ ካቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ ሁለቱን ለያዪያቸው። ማታ፣ ዳታ በሚረክስበት ሰዓት ሱዶ አፕት ጌት አፕዴት በይ (አፕትና ጌት በሰረዝ ተያይዘው ነው የሚጻፉት፣ ዲስትና አፕግሬድም እንዲሁ)፣ ቀጥለሽ «ሱዶ አፕት ጌት ዲስት አፕግሬድ ሰረዝ ዲ»። ሰረዝ ዲ ማለት አውርድ እንጂ አትጫን ነው። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ሲል አፕዴት ማናጀሩን ከፍተሽ ጫን በይው፤ ሁሉም ወርዶ ስለሚጠብቅ መብራት ሊቆርጠው የሚችልበት ጊዜ በጣም ያጥራል። እኔ በሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ደመናው ከጠቆረ አፕዴት የሚባል ነገር አልነካም። ነጎድጓዱ ሲጀምር መብራቱም አብሮ ነው የሚሄደው።

የወረዱት ፋይሎች ቫር፣ ካሽ፣ አፕት፣ አርካይቭስ የሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ። ተመሳሳይ የሚንት ቨርዥን ያለው ጎረቤት ካለሽ ከመጫንሽ በፊት በፍላሽ ገልብጠሽ እሱም እዚያው ፎልደር ውስጥ ሊያስገባቸው ይችላል። በአንድ ሰው ዳታ ሁለት ሱቅ ይታደሳል።

ዩፒኤስ ካለሽ አንዴ ሆን ብለሽ ሶኬቱን ነቅለሽ ሞክሪው፣ አፕዴት በማይሄድበት ጊዜ። ከተማው ውስጥ ያለው አብዛኛው ዩፒኤስ ባትሪው ሞቶ ለጌጥ የተቀመጠ ነው። ታይምሺፍትን ደግሞ አብሪው፣ ሚንት ላይ ተጭኖ ነው የሚመጣው። በመደብሽለት ጊዜ የሲስተሙን ቅጂ ይይዝልሻል፣ ከአፕዴት በፊትም ራስሽ ማስያዝ ትችያለሽ፤ ቢበላሽ ወደዚያ ትመለሻለሽ። የሲስተሙን ነው ያልኩት፣ የደንበኞችሽን ሰነድ አይደለም። እሱን ለብቻው ኤክስተርናል ላይ ገልብጪ። ታይምሺፍት ተራ ፍላሽ ላይ አላስቀምጥም ቢልሽ አትገረሚ፣ በሊኑክስ ፎርማት የተዘጋጀ ዲስክ ነው የሚፈልገው።

በይ እስኪ የመጀመሪያውን ትእዛዝ አስኪጂው። አንድ ፓኬጅ ላይ ደርሶ እየደጋገመ ቢያቆም «ኧረር» ከሚለው በላይ ያሉትን መስመሮች ጨምረሽ ስክሪኑን በስልክ አንሺና እዚሁ ለጥፊው። የመጨረሻዋን መስመር ብቻ አትላኪ፣ ምክንያቱ የሚጻፈው ከሷ በላይ ነው። ስንት ጊጋ ባይት ነፃ ቦታ እንዳለሽና ሚንቱ ስንተኛው ቨርዥን እንደሆነም ጻፊልን። ማታ ማታ ኦንላይን ነኝ።