ስርዝ ድልዝ የሌለው መዝገብ

ልጆቼ፣

ከመዝገብ ቤት ሥራ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማለዳ ማለዳ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር እመላለሳለሁ። ሰሞኑን ኮምፒውተር የሚያጠና ወጣት «ጋሼ፣ ብሎክቼይን ሲመጣ መዝገብ ቤት የሚባል ነገር ይቀራል» አለኝ። አልተቀየምኩትም፤ ይህን ግን ጻፍኩ።

ነገሩ ለእኔ ብዙም እንግዳ አይደለም። እኛም ሰነዱን በሦስት ኮፒ አዘጋጅተን ለየክፍሉ እንልክ ነበር፤ አንዱን የፋቀ በሌሎቹ ይጋለጣል። ብሎክቼይን ይህንኑ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ያደርገዋል። እያንዳንዱ ገጽ የቀደመውን ገጽ አሻራ (ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣ አጭር መለያ) ይዞ እንደ ሰንሰለት ስለሚያያዝ፣ የቆየውን የነካ ሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ያፋልሳል። «ፋይሉ ጠፍቷል» ሲባል ባለጉዳይ ሲያለቅስ ላየ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የመጀመሪያው መስመር ነው። ወጣት ሳለሁ 205 ካሬ ሜትር የሆነን ይዞታ 250 ብዬ ጻፍኩ። (ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ሰበብ አይሆነኝም።) ሁለት ጎረቤታሞች አራት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላለሱ። ሰንሰለት ላይ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ስሕተቴ ማንም ሳይነካው ተጠብቆ ይኖር ነበር! እዚያ የተጻፈ አይሰረዝም፤ ማረሚያው አዲስ መስመር ሆኖ ይጨመራል። «ጨምሩ» ብሎ የሚያዘው ደግሞ ያው ዳኛ፣ ያው መሬት አስተዳደር ነው። ባለሥልጣኑን እናስቀረዋለን የምትሉኝ እዚህ ላይ ብታስቡበት ደስ ይለኛል።

ጆርጂያን ተመልከቱ። በፈረንጆች 2016 የመሬት መዝገቧን አሻራ ቢትኮይን በተባለው የዲጂታል ገንዘብ ሰንሰለት ላይ ለማኖር ሥራ ጀመረች። ነገር ግን ምዝገባውን በአዲስ መሥሪያ ቤት ማደራጀት የጀመረችው በ2004 ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቀድማ። ኢስቶኒያም ከሕክምና መዝገቧ በሌላ ሰንሰለት ላይ የምታኖረው አሻራውን ብቻ ነው፤ የሕመምተኛው ታሪክ ራሱ እዚያ አይገባም። በእኛም አገር ትምህርት ሚኒስቴር በ2013 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት በዚህ መንገድ ለመያዝ ስምምነት ማድረጉ ተነግሮ ነበር። ማርኩን የሚሞላው ግን መምህሩ ነው።

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ሳምንት ከመስኮቱ ኋላ ተቀመጡ። በመታወቂያቸው «ወርቅነሽ»፣ በካርታቸው «ወርቄ» የተባሉ እናት ይመጣሉ። ወንበር ስጧቸው፤ ከዚያ የቱን እንደምትጽፉ ከእርሳቸው ጋር ተነጋገሩ።