ሻኪሶ ልግዛ ወይስ ጅማ? የቤትና የቦታ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ ቡና እነግዳለሁ። ቤት ለመግዛት 4 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር አጠራቅሜያለሁ። አንድ ደላላ የወርቅ ማውጫ አጠገብ ባለችው የጉጂ ከተማ ሻኪሶ ላይ በ250 ካሬ ያረፈ ቤት አሳይቶኛል፤ ለማዕድን ሠራተኞች በወር 35 ሺህ ብር ተከራይቷል። «በ10 ዓመት ብርህን ይመልስልሃል» ይለኛል። በዚሁ ብር ጅማ የማገኘው ቤት ግን ከ18 ሺህ በላይ አያከራይም። የቱ ይሻለኛል?
(የሂርማታ አንባቢ)

መልስ፦ ደላላው ያሰላው 35 ሺህን በ12 ወር፣ ያንንም በ10 ዓመት አባዝቶ ነው። ድምሩ ልክ ነው፤ ግን ቤቱ 10 ዓመት ሙሉ አንድም ወር ባዶ ሳያድር፣ ቆርቆሮው ሳይፈስ፣ ግብርም ሳይከፈልበት ይኖራል ብሎ ነው። ከሁሉም በላይ የማዕድኑ ሥራ 10 ዓመት አይቋረጥም ብሎ ነው። 35 ሺህ ብር የሚያወጣው ያ ሥራ ነው፤ ሥራው የቆመ ዕለት ቤቱ የሚከራየው ለመምህር፣ ለነርስ ወይም ለባለሱቅ ነው፤ እነሱ ደግሞ የሚከፍሉት በአቅማቸው ነው።

ይህ ሻኪሶ ላይ ደርሷል። ከከተማዋ አጠገብ ያለው የለገደንቢ ወርቅ ማውጫ ፈቃድ፣ ነዋሪዎች በብክለት ላይ ባነሡት ተቃውሞ ግንቦት 2010 ዓ.ም. ታገደ፤ ሥራው የቀጠለው በ2013 ዓ.ም. ነው። ወደ ጅማ ቀረብ ካልን ደግሞ ኢሉባቦር ውስጥ ያዩ አለ። እዚያ በድንጋይ ከሰሉ ላይ ተመሥርቶ የተጀመረው የማዳበሪያ ፋብሪካ ሳያልቅ ቆሟል፤ ፋብሪካውን ታሳቢ አድርጎ ቤት የሠራ ሰው ካለ ተከራዩን እየጠበቀ ቀርቷል ማለት ነው።

እንግዲህ እንደገና እናስላው። ቤቱ በዓመት 10 ወር ብቻ ይከራያል እንበል፤ 350 ሺህ ብር ይሆናል። ከ10 ዓመቱ በ3ቱ ማዕድኑ ቢቆምና ቤቱን ለከተማው ሰው በ9 ሺህ ብር ቢያከራዩ፣ በዓመት 108 ሺህ ያገኛሉ። ሰባቱ ዓመት 2 ሚሊዮን 450 ሺህ፣ ሦስቱ ዓመት 324 ሺህ፣ በድምሩ 2 ሚሊዮን 774 ሺህ ብር ነው። ከከፈሉት ሁለት ሦስተኛ ገደማ መሆኑ ነው፤ እድሳትና ግብር ገና አልተቀነሰም። 9 ሺህዋን እኛ ለምሳሌ ያስቀመጥናት ናት፤ ሻኪሶ ሲሄዱ እውነተኛውን ቁጥር ይዘው ይመለሱ። የሚጠይቁት ግን ደላላውን አይደለም፤ ከማዕድን ጋር ምንም የማይነካካ ሥራ ያላቸውን አምስት ስድስት ተከራዮች ነው። ያ ኪራይ የሚሸከመውን ያህል ዋጋ ብቻ ይክፈሉ። ከማዕድኑ የሚመጣው ትርፍ ቢገኝ ምርቃት ነው፤ በዋጋው ውስጥ አስቀድሞ መከፈል የለበትም።

ሁለተኛው ጉዳይ መውጫው ነው። ማዕድን ሲቆም ኪራይ ብቻ ሳይሆን ገዢም አብሮ ይጠፋል። ሁሉም በአንድ ሳምንት ሻጭ ይሆናል። ጅማ ቡናው ዋጋ ቢያጣ ዩኒቨርሲቲው አለ፤ ተማሪው ለእረፍት ቢበተን ሆስፒታሉ፣ ገበያውና በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አሉ። 18 ሺህዋ ትንሽ ብትመስልም እግሯ ብዙ ነው። ሌላ ገቢ ከሌለዎትና ይህ ያለ የሌለ ጥሪትዎ ከሆነ፣ የእኛ ምክር ጅማ ነው።

የግድ ሻኪሶ ካሉ ግን ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት የማዕድን ፈቃዱን ዓይነትና ማብቂያ ይጠይቁ። በ2002 ዓ.ም. በወጣው የማዕድን አዋጅ ከፍተኛ የማዕድን ሥራ ፈቃድ የሚሰጠው እስከ 20 ዓመት፣ አነስተኛው እስከ 10 ዓመት ነው። ሊያበቃ ሁለት ዓመት በቀረው ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ኪራይ የ10 ዓመት ገቢ ተብሎ አይቆጠርም። ቤቱ በፈቃዱ ክልል ውስጥ ወይም ጠርዙ ላይ መሆን አለመሆኑንም በወረዳው ማዕድን ጽሕፈት ቤት ካርታ ላይ ይዩ። ከመሬት በታች ያለው ማዕድን የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ ቢወሰድ ካሣው የሚሰላው ያንኑ ቤት መልሶ ለመሥራት በሚያስፈልገው ወጪ ነው፤ «ለማዕድኑ ቅርብ ነው» ተብሎ የተጨመረብዎት ብር አይመለስም።

በወርቅ አገር አፈሩም ይመረመራል። በባህላዊ መንገድ ወርቅ ተቆፍሮበት በኋላ የተደፈነ ቦታ ላይ ያረፈ ቤት ከጊዜ በኋላ ይሰምጣል። ሻጩን አስፈቅደው ከቤቱ ሁለት ማዕዘን አጠገብ፣ ከመሠረቱ አንድ ሜትር ራቅ ብለው፣ 2 ሜትር ያህል ያስቆፍሩ። ያልተነካ አፈር ቀለሙ ቀስ እያለ ይለወጣል፣ ዶማም ይከብደዋል። ሙሌት ከሆነ ጠጠር፣ ከሰል፣ የፌስታል ቁራጭ ተደባልቆ ይወጣል፤ አካፋ ያለ ድካም ይገባል። የጉድጓድ ውሃ ካለው ደግሞ፣ ከወርቅ ማጠቢያ በታች ያለ ውሃ በቤተ ሙከራ ሳይታይ አይጠጣም። ወርቁን ለመለየት ሜርኩሪ የሚጠቀሙ አሉ፤ ሜርኩሪ በመፍላት አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ከከተማው ዳር አንድ ገበሬ 200 ካሬ ሊሸጥልኝ ነው። ውሉን «ብድር» ብለን እንጻፈው፣ ከተማው ሲሰፋ ካርታ ይወጣል ብሎኛል። ሰዎችም እንዲህ እየገዙ ነው።
(የጅሬን አንባቢ)

መልስ፦ አይግዙ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ከተማ ውስጥ የሚሸጠው በላዩ ላይ ያለው ቤት ነው፣ የቦታው መብትም ከቤቱ ጋር ይተላለፋል። የእርሻ መሬት ግን በብድርም በስጦታም ስም ቢሸፈን ሽያጩ ሽያጭ ነው፣ ፈራሽም ነው። ከተማው ሲሰፋ ካሣ የሚከፈለው በስሙ ለተመዘገበው ገበሬ ነው። እርስዎ በሌሊት ያቆሙት ጨረቃ ቤት ደግሞ በግሬደር ይነሣል። በእጅዎ የምትቀረው የብድር ወረቀት ናት፤ ገበሬው «እውነት ነው ተበድሬያለሁ፣ ከፍያለሁ» ቢልዎት ምን ይመልሳሉ?

ጥያቄ፦ ጊንጆ አካባቢ ካርታ ያለው ቤት አግኝተናል። ሻጩ ባለትዳር ነው፤ ባለቤቱ ግን ክፍለ ሀገር ናት። የምንፈራው ወረቀቱን ነው። በምን ቅደም ተከተል እንሂድ?
(ወጣት ባልና ሚስት)

መልስ፦ መጀመሪያ ኮፒውን ሳይሆን ዋናውን ካርታ ይዛችሁ ከሻጩ ጋር ወደ ከተማው መሬት አስተዳደር ሂዱ፤ ፋይሉ ይከፈትላችሁ። በፋይሉ ላይ ያለው ስም፣ የቦታው ስፋት፣ ነባር ይዞታ ወይም ሊዝ መሆኑ ከካርታው ጋር አንድ ይሁን። ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው ቀሪ ዓመታዊ ክፍያ ወደ እናንተ ስለሚዞር ከዋጋው ቀንሱት። የባንክ ዋስትና ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንደሌለበት በቃል ሳይሆን በደብዳቤ ጠይቁ፤ ደብዳቤው ከውሉ በፊት በጥቂት ቀናት ውስጥ የተጻፈ ይሁን።

ከዚያ ሜትር ይዛችሁ ቦታውን ለኩ። ፕላኑ 10 በ20 ብሎ አጥሩ 11 ሜትር ተኩል በ20 ከሆነ፣ ትርፉ 30 ካሬ የማንም ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ኩሽናው ወይም ሰርቪስ ቤቱ ያረፈው እዚያች ትርፍ ላይ ነው።

የሚስቲቱን ነገር አታቅልሉት። በትዳር የተፈራ ቤት ያለ ሁለቱ ፈቃድ ከተሸጠ፣ ያልፈረመችው ወገን ውሉን በፍርድ ቤት ልታስፈርስ ትችላለች። ወይ መጥታ ትፈርም፣ ወይ ቤቱን ለመሸጥ በግልጽ የሚል ውክልና ትላክ። «ንብረቴን እንዲያስተዳድር» የሚል ጠቅላላ ውክልና ለሽያጭ አይበቃም። ውክልናውም እንዳልተሻረ የሰጠውን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ቤቱ የውርስ ከሆነ ደግሞ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ላይ ያሉት ሁሉ ይፈርማሉ።

ውሉ ደላላ ቤት በሦስት ምስክር ተፈርሞ አያልቅም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት። ግብር ለመቀነስ ተብሎ ዋጋው አሳንሶ ከተጻፈ፣ ውሉ በፈረሰ ቀን ማስረዳት የምትችሉት የተጻፈውን ብቻ ነው፤ የተቀረው ብር ቀልጦ ይቀራል። ቀብድ ትንሽ ይሁን፤ በሕጉ ቀብድ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ከተወ እጥፍ ይመልሳል። ክፍያው በባንክ ይለፍ፣ ከዋጋው የተወሰነውም ስም እስኪዛወር ይቆይ። የስም ማዛወሪያውንና ግብሩን ማን እንደሚከፍል በውሉ ውስጥ ጻፉት።

ጥያቄ፦ አዌቱ ወንዝ አጠገብ ያየሁት ቤት ግድግዳው በቅርብ ተቀብቷል፤ ብሎኬት ነው ይሉኛል። እንዴት ላረጋግጥ?
(የመንደራ አንባቢ)

መልስ፦ ጭቃ ቤት በሲሚንቶ ሲለሰን ብሎኬት ይመስላል። ከኮርኒሱ በላይ ወጥተው ይዩ፤ እዚያ ልስን ስለማይደርስ ማገሩና ጭቃው ይታያል። ጭቃ ቤት መሆኑ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ዋጋው የጭቃ ቤት ይሁን እንጂ። ከወለሉ አጠገብ ቋሚውን በቢላ ጫፍ ይጫኑት፤ ቢላው ያለ ተቃውሞ ከገባ ምስጥ በልቶታል ወይም በስብሷል። በግድግዳው ላይ የሚወጣ ጣት የማይሞላ የአፈር ቧንቧም የምስጥ መንገድ ነው። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ ሰያፍ የሚሄድና ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ከልስን ሳይሆን ከመሠረት ነው። ቀለም የሸፈነውን እርጥበት ለማወቅ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ገለል አድርገው ከኋላው ይንኩ፤ ቀቢዎች እዚያ አይደርሱም። ጅማ ላይ ቤት በጥር አይገዛም፤ ቸኩለው ካልሆነ ሐምሌ ወይም ነሐሴ፣ ትልቅ ዝናብ በዘነበ ማግስት ሄደው ሽንት ቤቱ መሙላቱን፣ ውሃው በግቢው ውስጥ ወዴት እንደሚሄድ ይዩ።