ገጭታችሁ ስትወርዱ

ሰላም ልጆቼ፣ በተለይ መንጃ ፈቃዳችሁ ገና ያልደረቀ። እኔ 31 ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ፣ አብዛኛውን በጅቡቲ መስመር፣ አሁን ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ቤት ውያለሁ። አነዳድ ላስተምራችሁ አይደለም፣ እኔ የማወራው ጓ ካለ በኋላ ስላለችው ጊዜ ነው፣ ብዙ ሾፌር ሲጠፋ ያየሁት በግጭቱ ሳይሆን ከዛ በኋላ በሰራው ስራ ነውና።

የራሴን ልንገራችሁ። 1989 ላይ በፊያት ከነተሳቢው መተሃራን አልፌ ወደ አዋሽ እየሄድኩ፣ ሊመሽ ሲል፣ ፍየል የሚነዳ ልጅ ከግራ በኩል ዘሎ ገባ፣ ፍሬን ያዝኩ፣ ተሳቢው ገፋኝ፣ በጎን አገኘሁት። ረዳቴ "ንዳው! ንዳው ይገሉናል!" ይላል እኔም ነዳሁት። ሁለት ኪሎሜትር ያህል ከሄድኩ በኋላ እግሬ ፔዳሉ ላይ እየተንቀጠቀጠ አልታዘዝ አለኝ፣ ቆምኩ፣ ከዛ ከተማ ገብቼ ፖሊስ ጣቢያ እጄን ሰጠሁ። ልጁን ከኋላዬ የመጣ አውቶብስ አንስቶት ተርፏል፣ እግሩ ግን እንደነበረ አልሆነም። ፍርድ ቤት ስቀርብ ዳኛው ስለ ፍጥነቴ ብዙም አልጠየቁኝም፣ "ለምን ጥለኸው ሄድክ?" ነው ያሉኝ። መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም።

ፍርሃቱ ውሸት ነው አልላችሁም፣ ዱላ ይዞ የሚመጣ አለ። ግን የተጎዳውን የሚያነሳ ሰው ሳታገኙ ንቅንቅ አትበሉ፣ መኪና አስቁሙ፣ 907 ቀይ መስቀል 991 ፖሊስ ደውሉ፣ ነፍሳችሁ የሚያሰጋ ከሆነ ቀጥታ ቅርብ ያለው ጣቢያ ሄዳችሁ እዚህ ቦታ ሰው ገጭቻለሁ በሉ። የሸሸውም እጁን ሊሰጥ የሚሄደውም በአንድ መንገድ ነው የሚነዱት፣ የሚለያዩት ደርሰው በሚናገሩት ነው። በ1996ቱ የወንጀል ህግ አንቀጽ 575 የተጎዳን ሰው አለመርዳት ራሱ ወንጀል ነው፣ የጎዳኸው ራስህ ከሆንክ ደግሞ ይከብዳል። የተጎዳውን እንደ ጆንያ እጅና እግሩን ይዛችሁ ባጃጅ ውስጥ አጣጥፋችሁ አትክተቱት፣ እሳት ካልተነሳ አንገቱን ሳታንቀሳቅሱ ጠብቁ፣ ውሃም አታጠጡት።

ከተማ ውስጥ የማየው ሌላ ነው፣ ፍሬቻ ተሰበረ ብለው መሃል አስፋልት ላይ አንገት ለአንገት ይተናነቃሉ፣ ከኋላ ያለው ህዝብ ይራገማል። ጩኸት ምንም አይሰራላችሁም፣ በፍትሐብሄር ህጉ 2084 መሰረት ሁለት መኪና ከተጋጨ ሌላ ማስረጃ እስካልመጣ ድረስ ሁለቱም እኩል እንዳዋጡ ነው የሚገመተው፣ ስለዚህ የሚያወጣችሁ ማስረጃ ነው። የጎማውን አቀማመጥ፣ የፍሬኑን መስመር፣ የሰውየውን ታርጋ በስልክ አንሱ፣ ያየ ሰው ካለ ስልኩን ተቀበሉ (ትራፊኩ እስኪመጣ እኮ ሁሉም ይበተናል)። ሰው ከተጎዳ ትራፊክ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ሳያነሳ መኪናዋን አታንቀሳቅሱ።

እና መንገድ ላይ ወረቀት አትፈርሙ። ይቅርታ ማለት ሌላ፣ "ሙሉ በሙሉ እኔ እከፍላለሁ" ብሎ መፈረም ሌላ፣ ሁለተኛውን ኢንሹራንሱ ሳያውቅ ካደረጋችሁት ካሳ ስትጠይቁ ውላችሁን አውጥተው ያሳዩዋችኋል። በቶሎ አሳውቋቸው። ሆስፒታል መጠየቅ፣ ሽማግሌ መላክ፣ ሰው ሞቶ ከሆነም ቤተሰቡን መካስና መታረቅ አይቅር፣ ይሄ የኛ ወግ ነው፣ እኔ ለልጁ አባት ሶስት ጊዜ ሽማግሌ ልኬ ነው የታረቅነው። መንጃ ፈቃድ የሌለው ረዳት ሲነዳ ከቆየ በኋላ "እኔ ነበርኩ" ብሎ መቀያየር ግን በጭራሽ፣ አንድ ክስ የነበረው ሁለት ይሆናል፣ ምስክር ደግሞ የማይጠበቅበት ቦታ ነው የሚቆመው።

አንድ የረሳሁት። ስትቆሙ አራቱንም ፍሬቻ አብሩ፣ አንጸባራቂውን ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ከሌለ እንደ ልማዳችን ቅጠልና ድንጋይ ትደረድራላችሁ፣ ይሁን። ስትነሱ ግን አንሱት። የባቲን ቁልቁለት በሌሊት የሚወርድ ጓደኛዬ ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ ላይ ወጥቶ ነው የተገለበጠው፣ የተበላሸ መኪና ታኮ ነበር፣ ሾፌሩ ጠግኖ ሄዷል፣ ድንጋዩ እዛው፣ ቅጠሉም ገና አልጠወለገም ነበር።