ዘሩን ከመምረጥዎ በፊት የማሳዎን አረም ይዩ

ሁለት ማሳ እንዳለዎት ጽፈዋል፤ አንደኛው በኤረር በኩል በጉድጓድ ውኃ የሚለማና እንግጫ የወረረው፣ ሁለተኛው ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ በክረምት ዝናብና በጎርፍ የሚዘራ፣ ዓምና ማሽላ የነበረበትና ቅንጬ አረም ያስቸገረው ነው። ለሁለቱም የሚሆን አንድ የጥጥ ዝርያና አንድ ፀረ አረም እንድንጠቁምዎት ጠይቀዋል። በዚሁ አካባቢ ጥጥ ሲዘራ እንደኖረ ሰው የምመክርዎት፣ ማሳዎቹን ለየብቻ አስበው፣ በእያንዳንዳቸው ከአረሙ ጀምረው ወደ ዘሩ እንዲሄዱ ነው።

በቅድሚያ አንድ የተለመደ ግምት ላርም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአገራችን የተፈቀዱት ጄኬሲኤች 1050 እና ጄኬሲኤች 1947 የተባሉት ዝርያዎች ራውንድአፕ (ግላይፎሴት የተባለው ፀረ አረም) ቢረጭባቸው የማይሞቱ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የተጨመረላቸው ባሕርይ ግን የጥጥን ፍሬ የሚበላውን ጓይ ትል የሚከላከል እንጂ ፀረ አረምን የሚያስችል አይደለም፤ ግላይፎሴት ከነካቸው እንደማንኛውም ጥጥ ይደርቃሉ። በተጨማሪም ዲቃላ ስለሆኑ ዘራቸው በየዓመቱ ይገዛል፤ ዝናቡ በማይታመን ማሳ ላይ ይህን ወጪ ማውጣት ለእኔ አይታየኝም።

ወደ መስኖው ማሳ ስንመጣ፣ እንግጫን ከሥሩ ቆፍረው ቢያወጡት ጥቋቁር ፍሬዎቹ በክር እንደተሰካ መቁጠሪያ ተያይዘው ያገኟቸዋል። መሬቱ እርጥብ ሳለ ሲኮተኮት ክሩ ይበጠስና እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው ይበቅላል፤ ለዚህም ነው በውኃ ማሳ ላይ ኩትኳቶ በበዛ ቁጥር እንግጫው የሚበረታው። ከዘር በኋላ የሚረጨው ፔንዲሜታሊን የተባለው ፀረ አረምም አይነካውም። የሚያዋጣው መሬቱን በደረቁ፣ ሙቀቱ በሚከፋበት በግንቦትና በሰኔ ደጋግሞ በመገልበጥ ፍሬዎቹን ለፀሐይ ማጋለጥ ነው፤ የድሬዳዋ ፀሐይ እዚህ ላይ ያለ ክፍያ ያገለግላል። ከዚያ ውኃ ለቀው የተረፈው ሲያቆጠቁጥ፣ ቅጠሉ ለምለም ሳለ ግላይፎሴት ይርጩበት፤ መድኃኒቱ እስከ ሥሩ እንዲወርድ ጊዜ ከሰጡት በኋላ መሬቱን በጥልቀት ሳይገለብጡ ይዝሩ። ውኃው በእጅዎ ስለሆነ በዚህ ማሳ ዘግይቶ የሚደርስ ዝርያ አያስፈራም፤ በአዋሽ መስኖዎች ለረጅም ዘመን የተለመደውን ዴልታፓይን 90ን የመሰለ ዘር ይበቃዎታል። የጉድጓዱ ውኃ ጨዋማ ከሆነ ግን ጥጥ ካደገ በኋላ ቢችለውም በቡቃያነቱ ይጎዳልና፣ ዘር ጨመር አድርገው በኋላ ያሳሱት፤ ሳስቶ የበቀለ ማሳ ለአረም የተተወ ቦታ ነው።

የዝናቡ ማሳ ጉዳይ ሌላ ነው። ዝናባችን በመስከረም ስለሚያበቃ ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ያስፈልግዎታል፤ የትኛው እንደሚገኝ የወረር ግብርና ምርምር ማዕከልን ይጠይቁ። ቅንጬ አረም በአገራችን ቀድሞ ከታየባቸው ቦታዎች አንዷ ድሬዳዋ ናት፤ አንዱ ተክል ከዐሥር ሺህ በላይ ዘር ሊያፈራ ስለሚችልና ጎርፉም በየዓመቱ አዲስ ስለሚያመጣ፣ በአንድ ርጭት ይጠፋል ብለው አይጠብቁ። ፔንዲሜታሊንን ዘር እንደተዘራ፣ አረሙ ሳይበቅል፣ እርጥብ አፈር ላይ መርጨት መጀመሪያውን ያቀልልዎታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእጅ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንታት ማሳው ንጹሕ ከሆነ ጥጡ ቅጠሉን ገጥሞ ቀሪውን ራሱ ያፍነዋል። ቅንጬውን ሳያብብ ያስነቅሉት፤ ቆዳን ስለሚያሳክክ ነቃዮቹ እጃቸውን ይሸፍኑ።

ዓምና ማሽላው ላይ ፕሪማግራም የተባለው ፀረ አረም ተረጭቶ ከነበረ ሳይፈትሹ ጥጥ አይዝሩበት፤ በውስጡ ያለው አትራዚን በደረቅ አፈር ውስጥ ብዙ ይቆያል፣ ጥጥንም ይገድላል። ከማሳው የተወሰደ አፈር በአንድ ጣሳ፣ መድኃኒት ካልነካው ቦታ የተወሰደ በሌላ ጣሳ አድርገው ጥቂት የጥጥ ፍሬ ይዝሩና ሁለት ሦስት ሳምንት ያነጻጽሩ። የመጀመሪያው ጣሳ ቡቃያ ከቅጠሉ ጠርዝ ጀምሮ ከገረጣና ከደረቀ ዘንድሮም ማሽላ ይዝሩበት።

የጎረቤትዎ ማሽላ ላይ ቱ ፎር ዲ የተባለው ፀረ አረም የሚረጭ ከሆነም ቀድመው ይነጋገሩ። ጥጥ ለዚህ መድኃኒት እጅግ ስስ ነው፤ ነፋስ ያመጣው ጥቂት ጭጋግ እንኳ አዲሱን ቅጠል አጥብቦ ጣት ያስመስለዋል፣ አበባውንም ያረግፋል። በዚሁ ምክንያት ለጥጥ የሚሆነውን የጀርባ መርጫ ከማንም አይዋሱ፤ ቱ ፎር ዲ የገባበት መርጫ በውኃ ብቻ ታጥቦ አይጠራም።