መልስ፦ አገልግሎት ብቻውን የአገርን ዕድገት ይሸከማል ወይ?

«ፋብሪካ ሳይስፋፋ በአገልግሎት ዘርፍ ብቻ አገር ማደግ ይችላል ወይ?» ለሚለው ጥያቄዎ አጭሩ መልስ፦ ይችላል፤ ነገር ግን አገልግሎቱ ለውጭ ገበያ የሚሸጥ ወይም የሌላውን ዘርፍ ምርታማነት የሚያሳድግ ሲሆን ነው። ህንድ በሶፍትዌር፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በመንገደኛና በጭነት የውጭ ምንዛሪ ያስገኛሉ። እዚህ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ የሚከፈት ተጨማሪ ሻይ ቤት ግን፣ በአመዛኙ የነባሮቹን ደንበኞች ይከፋፈላል።

የድሬዳዋን ታሪክ ይመልከቱ። ከተማችን በ1902 እ.ኤ.አ. ከባቡሩ ጋር ተወለደች፤ ባቡሩም አገልግሎት ነበር፤ ሆኖም የጥገና ወርክሾፑን፣ ነጋዴውን፣ ኋላም የሲሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችን አስከተለ። በ2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ነፃ የንግድ ቀጠናም በእኔ እምነት መመዘን ያለበት በዚሁ ነው፤ ከጅቡቲ የሚመጣውን ዕቃ ከማሳለፍ አልፎ እዚሁ የሚያሽግና የሚገጣጥም ሥራ ካላመጣ ጥቅሙ ውስን ይሆናል።

እዚህ በንግድ ስኖር ካስተዋልኩት አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ የዘርፉን ድርሻ በመቶኛ ብቻ አይለኩ። እርሻው አልበቃ ያለው ወጣት ወደ ባጃጅና ወደ መንገድ ላይ ንግድ ሲገባም የአገልግሎት ድርሻ ያድጋል፤ ይህ ግን የሥራ እጦት ምልክት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አስቀድመው የአንድ ሠራተኛ እውነተኛ ገቢ (የዋጋ ንረቱ ተቀንሶ ያለው) ከዓመት ዓመት መጨመሩን ይመርምሩ።