«የማስኩን ዋጋ ከደመወዜ ቆረጡብኝ»

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ዘንድሮ ትምህርት ሲከፈት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ 48 ልጆች ሰጡኝ። ለኮቪድ መከላከያ የተሰጠን ማስክ ዋጋ ከደመወዜ ተቆረጠ። አስም እንዳለብኝ ስናገር «ካልተመቸሽ ልቀቂ» አሉኝ። ልልቀቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክዎ መልቀቂያ እንዳይጽፉ። በገዛ ፈቃድዎ ከለቀቁ የስንብት ክፍያና ካሳ ሊያመልጥዎ ይችላል። በንዴት መቅረትም አያዋጣም፤ ለስንብት ምክንያት ይሆንላቸዋል። ሕመሙ ከበረታብዎ ግን ሐኪም ዘንድ ይሂዱና የሕመም ፈቃድ ያስጽፉ፤ የመጀመሪያው ወር ደመወዝ ሙሉ ይከፈላል።

የግል ትምህርት ቤት መምህርት ስለሆኑ የሚመለከትዎ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። (የመንግሥት መምህራን በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ይተዳደራሉ።) የአዋጁ አንቀጽ 92 የሠራተኛውን ጤና የመጠበቅና የመከላከያ ዕቃ የማቅረብ ግዴታን የጣለው አሠሪው ላይ ነው። እንግዲህ ማስኩን መግዛት የእነሱ ድርሻ ነው። አንቀጽ 59 ደግሞ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ ፍርድ ቤት ወይም የእርስዎ የጽሑፍ ስምምነት ካልፈቀደ በቀር ከደመወዝ መቁረጥን ይከለክላል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ገንዘቡ ይመለስልኝ ይበሉ።

ዋናው ነገር ግን ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር የሚጽፉት ደብዳቤ ነው። እስካሁን የተናገሩት ሁሉ በቃል ነው፤ ነገ «አልሰማንም» ቢሉ ምን ያሳያሉ? የተማሪውን ቁጥር፣ የክፍሉን ጥበት፣ አስምዎን ከሐኪም ማስረጃ ጋር ይጻፉ። ልጆቹንም አይርሷቸው፤ ስለ ራሳቸው ደብዳቤ አይጽፉም። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ጤና ሚኒስቴር በ2013 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ ቁጥር 30/2013 ማስክ ማድረግንና አካላዊ ርቀት መጠበቅን ያዝ ነበር፤ ያንን አስታውሰው ክፍሉ በፈረቃ ይከፈል ብለው ይጠይቁ። ወላጆችም ይህንኑ ቢጠይቁ ጉልበት ይሆንዎታል። ቅጂው ላይ ቀንና የተቀባይ ፊርማ ይኑር፤ አንቀበልም ካሉ በአደራ ፖስታ ይላኩት። አንድ ግልባጭ በከተማው የሠራተኛ ጉዳይን ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት፣ አንድ ለትምህርት ጽሕፈት ቤት ያስገቡ።

ቅሬታ አቀረበች ብሎ ማሰናበትን አንቀጽ 26 ይከለክላል። ቢያሰናብቱዎት ወደ ሥራ ለመመለስ መክሰስ የሚችሉት በ3 ወር ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱ አደጋውን እያወቀ ዝም ካለ ደግሞ በአንቀጽ 32 ያለ ማስጠንቀቂያ ለቀው የስንብት ክፍያና የ30 ቀን ደመወዝ ካሳ መጠየቅ ይችላሉ፤ ይህን መብት ግን በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀሙበት ይቀራል። እዚያ ከመድረስዎ በፊት ደብዳቤውን ይዘው ጠበቃ ያማክሩ።