ማሽን ከመግዛትሽ በፊት ያንኑ በርጩማ ድገሚው

እህቴ፣ ጥያቄሽ ደርሶኛል። ቀን ቢሮ ትውያለሽ፤ ማታና ቅዳሜን ደግሞ ቤት ውስጥ ባዘጋጀሻት ጠባብ ወርክሾፕ ከእንጨት ጋር ታሳልፊያለሽ። መደርደሪያ፣ የልጅ ወንበርና አንድ በርጩማ ሠርተሻል። ያዩት ሁሉ «ሽጪልን» ብለውሻል። አሁን ባጠራቀምሽው ገንዘብ የጠረጴዛ መጋዝ (ጠረጴዛው ላይ የተገጠመ የኤሌክትሪክ መጋዝ) ገዝቼ ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ መጀመሪያ ሰርተፊኬት ልያዝ? ነው ጥያቄሽ።

በእኔ ምክር ለጊዜው ሁለቱም ይቆዩ። ያንኑ በርጩማ አራት ጊዜ ድገሚው።

አንድ ቆንጆ ዕቃ መሥራት ደስ ይላል። ደንበኛ ግን ስድስት ወንበር ሲያዝ ስድስቱም አንድ ዓይነት እንዲሆኑለት ይፈልጋል፤ ያውም በቀጠሮው ቀን። ይህን መቻል አለመቻልሽን አሁን አንቺም አታውቂውም፣ እኔም አላውቀውም።

ስትደግሚው እያንዳንዱን እግር በሜትር አትለኪ። አራቱን ጎን ለጎን ደርድረሽ ጫፋቸውን አስተካክይ፣ በሞርሳ (ማጥበቂያ) እሰሪያቸው፣ ከዚያ በስኳድራ (ቀጥተኛ ማዕዘን ማውጫ) አንድ መስመር በአራቱም ላይ አሳልፊ። መስመሩ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢስት እንኳ በአራቱም እኩል ስለሚስት በርጩማው አይንገዳገድም። መጋጠሚያው ላይ የወንዴው፣ ማለትም ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ምላስ፣ ውፍረት የእንጨቱን ውፍረት ሲሶ ያህል ይሁን። በእጅ ገፋ ሲያደርጉት ጥብቅ ብሎ መግባት አለበት። በመዶሻ ካልደበደቡት የማይገባ ከሆነ ሴቴውን፣ ማለትም ቀዳዳ ያለበትን እንጨት፣ ይሰነጥቀዋል።

አጠገብሽ ደብተር ይኑር። ለምልክት፣ ለመቁረጥ፣ ለመግጠም፣ በብርጭቆ ወረቀት ለማለስለስና ቫርኒሽ ለመቀባት የፈጀብሽን ሰዓት ለየብቻ ጻፊ። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይደነግጣል። ጊዜውን የሚበላው መቁረጡ ይመስላል፤ ሲደመር ግን አብዛኛውን ጊዜ መግጠሙና ማለስለሱ ይበልጣል። የአንቺም እንዲያ ከሆነ የጠረጴዛ መጋዙ ምን ያሳጥርልሻል? ማሽን የሚመርጥልሽ ደብተሩ ይሁን፣ ዩቲዩብ አይሁን።

መግጠሙ ብዙ ሰዓት ከወሰደብሽ እኔ መጀመሪያ የማየው መሮሽን ነው። መሮ ብዙውን ጊዜ በ25 ዲግሪ ይሞረድና ጫፉ ላይ ብቻ በ30 ዲግሪ ይሳላል። መፈተኛው ቀላል ነው። ለስላሳ እንጨት ውሰጂና በመጋዝ የተቆረጠውን ጫፉን በመሮው በስሱ ላጪው። ጥርት ብሎ ከተላጠ ስለቱ ጥሩ ነው። ቃጫው ከተጨፈለቀና ከተቦጫጨቀ ደንዟል። የመሳያ ድንጋይ የማሽን ያህል ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከእሱ ጀምሪ።

ሌላው የእንጨት ባሕርይ ነው። እንጨት በቁመቱ እምብዛም አይለወጥም። በወርዱ ግን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሰፊ የጠረጴዛ ገበታን ከክፈፉ ጋር በኮላና በብሎን ግጥም አድርገሽ ካሰርሽው፣ ወቅት ሲቀየር ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። ለብሎኑ ሞላላ ቀዳዳ ብታበጂለት መንቀሳቀሻ ያገኛል። ጣውላ ስትገዢም «ደርቋል» የሚለውን ቃል ብቻ አትቀበይ። በአየር ሲደርቅ በልማድ ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ይታሰባል፤ የእርጥበት መለኪያ ብትይዢ ደግሞ ክርክር የለም። የራስሽ ጠረጴዛ ቢሰነጠቅ ስቀሽ ታልፊዋለሽ። የደንበኛ ከሆነ ግን ስልክሽ አያርፍም።

ሰርተፊኬቱ? ተቀጥረሽ መሥራት ካሰብሽ ይጠቅምሻል፤ የማሽን አያያዝም በሥርዓት ትማሪበታለሽ። የግል ደንበኛ ግን አምጪ የሚልሽ አይመስለኝም። ለእሱ ፎቶ አዘጋጂ። የሚያብረቀርቀውን ፊት ብቻ ሳይሆን በርጩማውን ገልብጠሽ ከሥሩ፣ መሳቢያውን አውጥተሽ ማዕዘኑን አንሺ። ሥራ የሚያውቅ ሰው ዓይኑ እዚያ ነው የሚያርፈው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላ ሰው ወርክሾፕ ገብተሽ በረዳትነት ብትሠሪም ደስ ይለኛል። ምናልባት የሚሰጥሽ ሥራ ጠንካራ እንጨት ሳይሆን ኮምፔንሳቶና ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ሰሌዳ)፣ ካቢኔና ቁምሳጥን ይሆናል። እሱ የሚሰለችሽ ከሆነ ደሞዝሽን ሳትለቂ ብታውቂው ይሻላል።

ሳትጠይቂኝ አንድ ነገር ልጨምር። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መድቦታል። ቅዳሜ ብቻ መተንፈስና ሳምንቱን ሙሉ መተንፈስ አንድ አይደለም። ገንዘብሽ ከማሽን በፊት ፊትሽ ላይ በደንብ ለሚገጥም ማስክና ብናኝ ለሚስብ መሣሪያ ይውጣ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅም ጨምድደሽ አትጣይ፤ በራሱ ጊዜ ሞቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግተሽ አድርቂው።

አራተኛው በርጩማ ሲያልቅ ዋጋ አውጪለት። የደብተሩን ሰዓት በምትፈልጊው የሰዓት ክፍያ አባዢው። የተጣለውን ቁራጭ ጨምሮ የእንጨቱን፣ የኮላውን፣ የብርጭቆ ወረቀቱንና የቫርኒሹን ደምሪበት። ከዚያ ለዘመድ ሳይሆን ለማያውቅሽ ሰው በዚያው ዋጋ አቅርቢው። ሰውየው ከገዛ ስለ ማሽኑ እንነጋገራለን። ካልገዛ ደብተሩን ላኪልኝና ከየትኛው ሰዓት ላይ እንደሚቀነስ አብረን እንይ። የቢሮው ሥራ እስከዚያ ባለበት ይቆይ።